ስለ ገበያ ጽፌ ስለ ክራር የሚጠይቅ ሰው ለምን ይመጣል?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፣ ማክሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ የገባኝ ነገር አለ፤ የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ስለ ወሎ ገበያዎች የምጽፍበት ትንሽ ድረ ገጽ አለኝ። ባለፈው ዓመት ስለ ባቲ የሰኞ ገበያ ረዘም ያለ ጽሑፍ አወጣሁ። ከኮምቦልቻ በስንት ሰዓት መነሳት እንደሚሻል፣ ግመል ተራው በየት በኩል እንደሆነ፣ አፋሮቹ ከቆላ ይዘውት የሚወጡት፣ ደገኛው ይዞት የሚወርደው፣ ሁሉም አለበት። ርዕሱ «ሰኞ በባቲ፦ ከኮምቦልቻ ተነስቶ ገበያ ውሎ መመለስ» የሚል ነው። በልቤ የያዝኩት አንባቢ መንገደኛና ነጋዴ ነበር። የጽሑፍ ማሰናጃው «የታለመ ቃል» በሚለው ሳጥን ውስጥም «ባቲ ገበያ» ብዬ ሞላሁ።

ትናንት ሰርች ኮንሶል (ሰው በምን ቃል ፈልጎ ገጽህን እንዳየ የሚያሳየው የጉግል መሣሪያ) ውስጥ ገብቼ የዚያን ገጽ ሪፖርት ስከፍት ደነገጥኩ። ከላይ የተደረደሩት ቃላት «ባቲ ቅኝት»፣ «የክራር አቃቃን»፣ «ክራር በባቲ እንዴት ይቃኛል» የሚሉ ናቸው። «ባቲ ገበያ» ከእነርሱ በታች ነው። በጽሑፉ ውስጥ ስለ ክራር ያለው ደግሞ ይህች አንቀጽ ብቻ ናት፦

«ከግመል ተራው ከፍ ብላ ባለችው ሻይ ቤት ደጃፍ አንድ ሽማግሌ ክራራቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። መቃኛው እየሾለከ ስላስቸገራቸው ሥሩ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ጠምጥመው፣ ጆሯቸውን ወደ ቀንበሩ አስጠግተው፣ ክሩን በጣታቸው እየነኩ ቀስ አድርገው ያጠብቁታል። የገበያው ጩኸት ሲበረታ ይተዉታል፤ ጋብ ሲል ይቀጥላሉ። ባቲን በባቲ ሲቃኙ ሰማሁ።»

ያልደከምኩበት ቃል ከደከምኩበት እንዴት ይበልጣል? አንቀጹን ላውጣው ወይስ ልተወው?

ጦሳ ሥር (ደሴ)፣ ረቡዕ ጠዋት

አብሽሪ እህቴ፣ የተበላሸ ነገር የለም።

በመጀመሪያ ያችን ሳጥን እንርሳት። እርሷ ለማሰናጃው ብቻ ናት። ቃሉ በርዕሱና በአንቀጾቹ ውስጥ መኖሩን ቆጥራ አረንጓዴ ወይም ቀይ ምልክት ትሰጥሻለች እንጂ ጉግል ዘንድ አትደርስም። ድሮ በገጹ ራስ ላይ ቁልፍ ቃላትን ለፈላጊው (ለጉግልና ለመሰሎቹ ማለቴ ነው) በስውር የመዘርዘር ልማድ ነበር፤ ጉግል እርሱንም ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በ2009 በይፋ ተናግሯል። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ያለምሽውን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ፈላጊው የሚያውቀው የጻፍሽውን ነው።

እንዴት ያውቀዋል? በመጽሐፍ ጀርባ ያለውን የቃላት ማውጫ አስቢ። ለእያንዳንዱ ቃል፣ ቃሉ የሚገኝባቸው ገጾች ዝርዝር አለ። አንድ ሰው «ባቲ ክራር» ብሎ ሲጽፍ ሁለት ዝርዝሮች ይወጣሉ፤ በሁለቱም ውስጥ ያለ ገጽ ይቀድማል። ቃል ሁሉ ደግሞ እኩል አይመዝንም። «ነው» እና «ላይ» በየገጹ ስላሉ ምንም አይለዩም። «መቃኛ» ግን በጥቂት ገጾች ብቻ ስለሚገኝ ሚዛኑ ከባድ ነው። ይህን ሐሳብ በ1972 ያቀረበችው እንግሊዛዊቷ ተመራማሪ ካረን ስፓርክ ጆንስ ናት፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው የፍለጋ ሥራ ብዙው በእርሱ ላይ ቆሟል።

አሁን አንቀጽሽን መልሰሽ አንብቢው። ባቲ፣ ክራር፣ መቃኛ፣ ቀንበር፣ ክር፣ መቃኘት። በጥቂት መስመር ውስጥ አንድ ሙያ ከነዕቃው ተቀምጧል። አላለምሽውም፤ ያየሽውን ግን በስሙ ጠራሽው። «አንድ ሽማግሌ የሙዚቃ መሣሪያ ያስተካክላሉ» ብለሽ ጽፈሽው ቢሆን ኖሮ ማንም በዚያ በኩል አይመጣም ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት የሜዳው ስፋት ነው። ስለ ጊታር አቃቃን በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ስፍር ቁጥር ከሌለው ገጽ ጋር ይሰለፋል። ስለ ክራር አቃቃን በአማርኛ የተጻፈ ስንት አለ? ትምህርቱ በአብዛኛው በቪዲዮ ወይም ከመምህር ጎን ተቀምጦ ነው። የሚነበብ ነገር በጠፋበት አንዲት አንቀጽ እንኳን ትታያለች።

ሦስተኛ፣ ፈላጊው ቃልን ከቃል በማመሳሰል ብቻ አልቆመም። በ2015 ይፋ የሆነው ራንክብሬይን የተባለው ሥርዓት አዲስና እንግዳ ጥያቄዎችን ከሚቀርቧቸው ጋር ለማዛመድ የተሠራ ነው። ጉግል እንደሚለው በየቀኑ ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች 15 በመቶ ያህሉ ከዚያ በፊት ጨርሶ ያልታዩ ናቸው። ያልታየ ጥያቄን አስቀድሞ ማን ሊያልም ይችላል? በ2019 የመጣው በርት የተባለው ሥርዓት ደግሞ ቃሉን ከጎረቤቶቹ ጋር አንድ ላይ ያነባል፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከ70 በላይ ወደሆኑ ቋንቋዎች ሲሰፋ አማርኛም ከእነርሱ መካከል ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወደ ገጽሽ ማስፈንጠሪያ (ሊንክ) የሰጠ ሰው አለ? እርሱን አይተሽ ንገሪኝ።

ጋቢ ሻጭ (ደሴ)፣ ረቡዕ ቀን

ጋሼ ያሉትን ተቀብያለሁ፤ ነገር ግን እኔ ብሆን አንቀጹን አወጣው ነበር። ግመል ለመግዛት ለወጣ ሰው ክራር ምኑ ነው? ክራር ለሚፈልግስ ግመል ምኑ ነው? እኔ ጋቢና ነጠላ እሸጣለሁ። ገጼን ብዙ ሰው ቢያየውና አንድም የማይገዛ ከሆነ ድካም ነው።

በቃላት ጉዳይ የደረሰብኝንም ልናገር። አንድ አውቃለሁ ባይ ከፍዬው «የወሎ ጋቢ» የሚለውን በየመስመሩ ጨመረልኝ። «የወሎ ጋቢ የሚፈልጉ ከሆነ የወሎ ጋቢ በወሎ ጋቢ ዋጋ» እያለ ይሄዳል። ደንበኛዬ የነበሩ አንዲት እናት ደውለው «ልጄ፣ ምን ነካህ?» አሉኝ። ደረጃዬም ከዚያ ወዲህ እየወረደ እንጂ እየወጣ አላየሁም።

ጦሳ ሥር (ደሴ)፣ ረቡዕ ማታ

ወንድም ዓለም፣ እኒያ እናት ልክ ናቸው። ቃልን እንደ ጤፍ መዝራት በጉግል መመሪያ በግልጽ የተከለከለ ነው፤ ከመከልከሉም በላይ አንባቢን ያርቃል። አስጠፋውና በሰው አፍ የሚነገረውን መልሰህ ጻፍ።

ገጽህን አሁን ከፍቼ አየሁት። የጋቢው ስም፣ የክሩ ዓይነት፣ ዋጋው፣ ሁሉም በፎቶ ላይ ነው የተጻፈው። ከፎቶው ውጭ ያለው ጽሑፍ ሁለት መስመር ነው። በምስል ላይ ያለ ጽሑፍ ለፈላጊው መተማመኛ የለውም። አማርኛ በዚህ ብዙ ተጎድቷል። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መለያ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በኮምፒውተር የተጻፈው ብዙ አማርኛ እያንዳንዱ በራሱ ፎንት ስለነበር ዛሬ ቢፈለግ አይገኝም። አሁን ፊደሉ በእጃችን ሳለ መልሰን በፎቶ ውስጥ መቅበር ያሳዝነኛል። በፎቶው ላይ ያለውን ከሥሩ በጽሑፍ አስቀምጠው። «ባለ ጥለት»፣ «ድርብ»፣ «ለሰርግ»፣ «ለእናት ስጦታ»፣ አንተ ያላሰብከው ሰው በአንዱ ይመጣል።

ባለ ክራሩ (ወልድያ)፣ ሐሙስ ጠዋት

ይህን ውይይት ሳነብ ልቤ መታ፤ እህቴ፣ ከእነዚያ ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

ከሁለት ወር በፊት ለታናሽ ወንድሜ የባቲን አቃቃን በጽሑፍ ልልክለት ፈልጌ «ክራር ባቲ አቃቃን» ብዬ ጻፍኩ። ከወጡት ውስጥ ያንቺ ገጽ ነበር። ርዕሱ ስለ ገበያ ስለሆነ መጀመሪያ አልፌው ሄድኩ። ሌሎቹ ባዶ ሲሆኑብኝ ተመልሼ ከፈትኩት። ስለ ሽማግሌው አነበብኩ። ክሮቹን በምን ቅደም ተከተል እንደሚያጠብቁ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ፤ የለም። አዘንኩ። የግመሉን ነገር ግን እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ ለዚያ አመሰግናለሁ።

ይህ የሚሆነው በስሙ ምክንያት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከምንላቸው አራት ቅኝቶች ሁለቱ የወሎ ቦታ ስም የያዙ ናቸው። አምባሰል የሚል ሰው ወረዳውን ይሁን ዜማውን በምን ይታወቃል? ትዝታማ ከሁሉ ይብሳል፤ ቅኝቱን የሚፈልግም፣ የልጅነት ትዝታውን የሚጽፍም በአንድ ቃል ይገናኛሉ። ስለዚህ ገበያ ፈላጊና ክራር መቺ በአንድ በር መግባታቸው አይገርምም። የወሎ ስም ነው ያገናኘን።

ጋቢ ሻጩ ወንድማችን «ምኑ ነው?» ላልከው፦ ለእኔ ምኔ እንደነበረ ነገርኩህ።

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)፣ ሐሙስ ቀን

እኔም የራሴን ልጨምር። በሐይቁ ዳር ዓሣ የምናቀርብበት ቤት አለን። ገጹን የጻፍኩት ስለ ዓሣው ነው፤ ጥብሱ፣ ጉላሹ፣ የምንከፍትበት ሰዓት። ከታች «ከቤታችን ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በእግር ይኬዳል፤ ሴቶች ግን ወደ ገዳሙ አይገቡም፤ እናቴ ሁልጊዜ ከደጅ ተሳልማ ትመለሳለች» የሚል አለ።

ብዙው ጎብኚዬ በዚያ መስመር ነው የሚመጣው። «ሐይቅ እስጢፋኖስ ሴት ይገባል ወይ» ብለው ይጠይቃሉ። ስለ ገዳሙ የተጻፉ ትልልቅ ገጾች አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንደመሠረቱት፣ ስለ መጻሕፍቱ፣ ስለ ታሪኩ በሰፊው ይናገራሉ። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል የምትጓዝ እናት ከመነሳቷ በፊት ማወቅ የምትፈልገውን ግን በአንድ መስመር የመለስኩት እኔ ሆንኩ። ይህን ካየሁ በኋላ መስመሯን ከታች አንስቼ ለብቻዋ ንዑስ ርዕስ ሰጠኋት። መጥተው ከደጅ የሚሳለሙ እናቶች የሚያርፉበት ጥላ እንዳለንም ጻፍኩ። ዓሣ የማይበሉ ጾመኞች ስለሆኑ ሽሮ ጨመርን።

ሌላው የፊደል ጉዳይ ነው። እኔ የጻፍኩት «ሐይቅ» ብዬ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ «ሀይቅ»፣ «ሃይቅ»፣ «ኃይቅ» የሚሉም አሉ። በ«ሐይቅ» የሚፈልግ ቶሎ ያገኘኛል፤ በሌሎቹ ግን ዝቅ እላለሁ። ጋሼ፣ አራቱንም ልጻፋቸው?

ጦሳ ሥር (ደሴ)፣ ሐሙስ ማታ

የሽሮው ነገር ደስ አለኝ።

አራቱንም በአንድ ገጽ ላይ መደርደር ግን አይገባም፤ ለዓይን አስቀያሚ ነው። ትክክለኛውን ይዘህ ቆይ። ሰው ስለ ቤታችሁ ሲጽፍና አስተያየት ሲሰጥ በየፊደሉ ይጽፈዋል፤ ያ በራሱ ይበቃል። የበለጠ የሚያስቸግረን ቅጥያው ነው። «የባቲ»፣ «በባቲ»፣ «ከባቲ»፣ «ባቲን» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለማሽን ግን ቃሉ መልኩን ቀይሯል። ስለዚህ ቢያንስ በርዕሱ ወይም በንዑስ ርዕሱ ላይ ስሙን ያለ ቅጥያ ማስቀመጥ ጥሩ ነው። የእህታችን ርዕስ «ሰኞ በባቲ» ይላል፤ «ባቲ» ብቻውን የቆመበት ንዑስ ርዕስ አለሽ ወይ?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፣ ዓርብ ማታ

የለኝም! ሁሉም «የባቲ» እና «በባቲ» ነው።

ማስፈንጠሪያውን አየሁ። አንድ ሙዚቃ አስተማሪ በራሱ ገጽ ላይ ለተማሪዎቹ የሚነበብ ሲዘረዝር የእኔን አስገብቶታል። ማስፈንጠሪያ ያደረጋቸው ቃላት «የባቲ ክራር መቺ ሽማግሌ» የሚሉ ናቸው። አላውቀውም፤ አልነገረኝምም።

ሌላ ጥያቄ አለኝ። የቃላቱን ቁጥር ስደምረው ከላይ ከተጻፈው ጠቅላላ ጋር አልገጥም አለ። «ባቲ ቅኝት» ላይ አማካይ ቦታዬ 6 ነው ይላል፤ ራሴ ስፈልገው ግን አላገኘሁትም። ብዙ ጊዜ ታይቶ የተጫኑትም ጥቂት ናቸው።

ጦሳ ሥር (ደሴ)፣ ቅዳሜ ጠዋት

አስተማሪው ነገሩን ፈታልን። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በ1998 ጉግልን ሲያቆሙ ከያዟቸው ሐሳቦች አንዱ ይህ ነው፤ ማስፈንጠሪያ የተደረገው ቃል የሚቆጠረው ለጻፈው ገጽ ብቻ ሳይሆን ለሚጠቁመውም ገጽ ነው። ሌላ ሰው የሚጠራሽ ስም የአንቺ ስም ይሆናል ማለት ነው።

ምን ያህል ኃይል እንዳለው በአንድ ታሪክ ላሳይሽ። በ2003 በእንግሊዝኛ «አሳዛኝ ውድቀት» የሚሉትን ሁለት ቃላት ጉግል ላይ የጻፈ ሰው ፊት ለፊት የሚመጣለት በዋይት ሐውስ ድረ ገጽ ላይ ያለው የፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የሕይወት ታሪክ ነበር። ቃላቱ በገጹ ውስጥ የሉም። ብዙ ሰዎች ተነጋግረው በየገጾቻቸው ላይ እነዚያን ቃላት ወደዚያ ማስፈንጠሪያ ስላደረጓቸው ብቻ ነው። ጉግል በ2007 ዘዴውን አስተካክሎ እንዲህ ያለውን ተንኮል አስቀርቷል፤ የቅን ሰው ጥቆማ ግን ዛሬም ይቆጠራል። አስተማሪው ያደረገልሽ ይህን ነው።

ስለ ቁጥሮቹ። ጥቂት ሰዎች ብቻ የጠየቋቸው ቃላት የሰዎችን ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል በዝርዝሩ ውስጥ አይታዩም፤ በጠቅላላው ላይ ግን ተቆጥረዋል። ስለዚህ ድምሩ አይገጥምም፣ አትጨነቂ። ሪፖርቱ ያለፉትን 16 ወራት ብቻ ስለሚይዝ የምትፈልጊውን አውርደሽ አስቀምጪ። አማካይ ቦታ 6 ማለት ደግሞ ሁልጊዜ 6ኛ ነሽ ማለት አይደለም። ገጽሽ በወጣ ጊዜ ብቻ የነበረበት ቦታ አማካይ ነው። ለአንዱ 2ኛ ሆኖ፣ ለሌላው 10ኛ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ባልወጣበት ጊዜ ጨርሶ አይቆጠርም። ፍለጋው ከየት እንደተደረገና በየትኛው ቋንቋ እንደሆነም ይለየዋል።

ታይቶ ያልተጫነበትን ምክንያት ባለ ክራሩ ነግሮሻል። ርዕሱ ገበያ ይላል።

ላስታ (ላሊበላ)፣ ቅዳሜ ቀን

አስጎብኚ ነኝ። ስለ 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጽፌ ሰው የሚመጣብኝ ጎህ ሲቀድ በየደጁ እያዜሙ ስለሚመርቁት ላሊበሎች በመጠየቅ ነው። ስም አንድ፣ ነገሩ ሌላ። እኔ ለእነርሱ የተለየ ገጽ ጻፍኩላቸው፤ ከድሮው ገጽ ወደ አዲሱ መንገድ ሰጠሁ። በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱን ላጣምር ብዬ ሞክሬ ነበር፤ የሁለቱም አንባቢ ተቸገረ።

ጦሳ ሥር (ደሴ)፣ ቅዳሜ ማታ

እኔም ይህንኑ ልመክርሽ ነበር። የገበያውን ርዕስ ለክራሩ ብለሽ አትለውጪው፤ መንገደኛው ይጠፋብሻል። አንቀጹንም አታውጪው። ስለ አቃቃኑ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ጻፊና ከአንቀጹ ወደዚያ ማስፈንጠሪያ ስጪ፤ «እዚህ ይጫኑ» ሳይሆን «ክራር በባቲ ቅኝት እንዴት ይቃኛል» በሚሉት ቃላት ላይ። ሁሉንም በአንድ ቀን አታድርጊ። የዛሬውን ቀን መዝግቢ፣ አንዱን ለውጪ፣ ጥቂት ሳምንት ጠብቂ። ያለዚያ የትኛው ምን እንዳመጣ አታውቂም።

ሳታውቂው ግን አትጻፊ። ለቃሉ ብለሽ የማታውቂውን ከጻፍሽ ባለ ክራሩ እንደገና አዝኖ ይመለሳል።

ባለ ክራሩ (ወልድያ)፣ እሑድ

እኔ አለሁ። ክራሩ ስድስት ክር ነው፤ ቅኝቱ አምስት ድምፅ ነው፤ ስድስተኛው የመጀመሪያውን ከፍ አድርጎ ይመልሰዋል። ባቲ ሜጀርና ባቲ ማይነር እንዳሉም መለየት አለብሽ። ያኚህን ሽማግሌ አግኝተሽ ከቀዳሽ እኔ በየክሩ አዳምጬ እጽፍልሻለሁ። እርሳቸው የሚቃኙት ከእኛ ከትምህርት ቤት ከመጣነው ሊለይ ይችላል፤ ከተለየም እንደተለየ ይጻፍ።

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ

የሆነውን ልነግራችሁ ተመልሻለሁ።

ሰኞ ወደ ባቲ ወረድኩ። ሽማግሌው በዚያችው ሻይ ቤት ነበሩ። የመጣሁበትን ስነግራቸው «ከሩቅ አገር ሰው ስለ እኔ መቃኛ ይጠይቃል?» አሉኝ፤ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ጩኸቱ እስኪጋብ ጠብቀን በስልኬ ቀዳሁት። ባለ ክራሩ ወንድሜ በየክሩ ጻፈልኝ፤ ሁለት ቦታ ላይ ከሚያውቀው ተለይቶበት በስልክ ከሽማግሌው ጋር አገናኘኋቸው፤ ግማሽ ሰዓት አወሩ። ገጹ ከወጣ አሥራ ስምንት ቀኑ ነው። በገበያው ጽሑፍ ላይ የነካሁት ነገር ያችን ማስፈንጠሪያና «ባቲ፦ መንገዱና ሰዓቱ» የሚል ንዑስ ርዕስ ብቻ ነው፤ እርሱንም በተለያየ ሳምንት።

ዛሬ ጠዋት የአዲሱን ገጽ ዝርዝር ከፈትኩት። «ባቲ ቅኝት» አለ። ከሥሩ ግን «የክራር መቃኛ እየሾለከ ምን ላድርግ» የሚል አየሁ። ስለ መሹለክ የጻፍኩት በድሮው አንቀጽ ነው፤ በአዲሱ ላይ የጠቀስኩት በአንድ ሐረግ ብቻ ነው። አንድ ሰው የሆነ ቦታ ተቀምጦ መቃኛው እየሾለከ አስቸግሮታል ማለት ነው።

ለሽማግሌው ደወልኩ። ጨርቁ አዲስ አይሁን፣ አሮጌና የለሰለሰ ጥጥ ይሁን አሉኝ። ቅባት የነካው እንደሆነ ይባስ ይሾልካል። ሁለት ዙር ይበቃዋል፤ ሦስት ከሆነ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ጨርቅ ሲጠፋ ኖራ ይቀቡታል። ማታ ከሥራ ስገባ እጨምረዋለሁ።